ሙሽራው የጠፋበት ጥሎሽ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሀና፣ «አክስቴ፣ ቤቴ የጌጣጌጥ ባዛር አዘጋጅቻለሁ፤ ሳትመጪ እንዳትቀሪ» ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ደባርቅ ላይ በገዛ ቤቷ ጌጥ ዘርግታ እንግዳ የጠራች የመጀመሪያዋ ጉድ እኔ ነኝ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። ዶቃ በክር እየሰካሁ፣ ከአሮጌ የብር ጌጥ ጋር እየቀላቀልኩ የአንገት ማርዳና አምባር እሠራለሁ። ገበያ ይዤ ስወጣ ግን በበርበሬና በገብስ መሀል ማን ዞር ብሎ ያየኛል! አንድ የዳባት እህል ነጋዴ ደግሞ ሽማግሌ ልኮብኛል። አባቴ፣ «እስከ ዐቢይ ጾም እጠብቅሻለሁ። ይኼ ዶቃሽ እንጀራ ካልሆነሽ ለሰውዬው እሺ እላለሁ» አለኝ። ሰውዬውን አንዴም አላየሁትም ነበር፤ ልጠላውም አልችልም። ዶቃዬን ግን እወደው ነበር።

ከጎንደር የመጣች አንዲት የእጅ ሥራ አሠልጣኝ፣ «ገዢ ካልመጣልሽ ቤትሽ ጠርተሽ አሳዪ» ብላኝ ነበርና ሞከርኩት። ወሩ ጥር ነው፤ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። እናቴ ጠላ ጠመቀች፣ ድፎ ደፋች። እኔ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ ጌጤን ደረደርኩና ጎረቤቱን ሁሉ ጠራሁ።

እንግዲህ ፍረዱኝ! በእኛ አገር የሙሽራው ወገን ያመጣው ጌጥ፣ ጥሎሽ ተብሎ እንግዳ ፊት ይዘረጋል። በሠርግ ወር፣ ልጃገረድ ካለችበት ቤት፣ ይህን ያየ ሰው ምን ይበል? ቀድመው የገቡት ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ አንዴ ጌጡን አንዴ እኔን አዩና፣ «እሰይ ልጄ! ጥሎሽሽ ነው?» ብለው እልልታውን አቀለጡት። ሌሎቹ ተቀበሏቸው።

«ኧረ ለሽያጭ ነው!» ብል ማን ይስማኝ። «አፍራ ነው» ብለው ሳቁ። እትዬ ጥሩዬ ትልቁን ማርዳ አንስተው አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። የገዛ እጄን ሥራ አጥልቄ አላውቅም ነበር። «የአብርሃም የሣራ ያድርግላችሁ!» ይላሉ። እኔንና ማንን? አባቴ ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ፣ «ማን ነው የጠየቃት? እኔ ሳልሰማ?» ይላል።

«እኔ ምን አውቄ!» ትላለች እሷ።

በልተው፣ ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ። የሙሽራ ጌጥ ማን ይገዛል? አንድም ሳይሸጥ ጨርቁን እያጠፍኩ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝም ነበር መሰለኝ፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

ወሬው በነጋታው ዳባት ገባ። ነጋዴው፣ «ለሌላ ሰጥታችኋት ነው የምታስጠብቁኝ?» ብሎ ሽማግሌዎቹን አስቀረ። አባቴ ኩርፊያው ሳይበርድለት ከደረስጌ አንዲት እናት መጡና፣ «የዚያችን ሙሽራ ጥሎሽ የሠራው ማን ነው? ለልጄም ይሥራልኝ» አሉ። ከእሳቸው በኋላ ሌላ መጣ፣ ሌላም። ዶቃዬ እንጀራ ሆነኝ።

ለስንቱ ሙሽራ ስሠራ እኔ ሳላገባ ቀረሁ። የዳባቱ ሰውዬ እንኳ ወንድ ልጁን ሲድር ጥሎሹን ያሠራው እኔ ዘንድ ነው። ማንነቴን አላወቀም። ሳቂታ፣ ደግ ሰው ነበር። የዚያን ቀን ሥራ መሥራት አቅቶኝ ዋልኩ።

ሀና ለባዛሯ የሚሆን ጌጥ ከሣጥኔ ስትመርጥ ያን ትልቅ ማርዳ አወጣችው።

«ይኼን ስንት ልበለው?»

«እሱ አይሸጥም፤ ጥሎሼ ነው።»

«እንዴ! አግብተሽ ነበር እንዴ?»

ማርዳውን ከእጇ ወስጄ፣ እንደዚያን ቀን አንገቴ ላይ አሰርኩት።