ቡና አልጋ ላይ የተሰጣው ላፕቶፕ

ቦንጋ ውስጥ ኮምፒውተር መጠገን የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ የነካሁትን ዕቃ ሰበርኩ። የላፕቶፕ ኪቦርድ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያያዘው እንደ ወረቀት በሳሳ ጠፍጣፋ ገመድ ነው፤ ገመዱን ከጥፍር ያነሰች መቆለፊያ ትይዘዋለች። ቀስ ብዬ ቀና ማድረግ ሲገባኝ ጎተትኳት። ስብርባሪዋን ኪሴ ከተትኩ።

የሱቁ ባለቤት ጋሽ ታደሰ "ምን ሆነ?" አሉኝ።

"ምንም።"

ካቻቢቴውን ከእጄ ተቀብለው ወንበር ሰጡኝ። "ሰው ሲያፍር ይዋሻል" አሉ። "እኔ አልቆጣህም፤ አንተም ደንበኛ አታሳፍር።" ያን ጊዜ ስብርባሪዋን አውጥቼ ሰጠኋቸው።

ዓመታት አለፉ። እጄ ተፍታታ፤ አፌም አብሮ ተፍታታ። ቀልድ እወዳለሁ፣ አልክድም።

አንድ ቀን እትዬ አልማዝ የሚባሉ ጡረተኛ መምህርት ከዋጫ ደወሉልኝ። በካፋ ሕዝብ ቋንቋ በካፊኖኖ የሚነገረውን ተረትና ምሳሌ ከሽማግሌዎች አፍ እየሰበሰቡ ስድስት ዓመት ጽፈዋል፤ ከነገሯቸው ሰዎች ሦስቱ አርፈዋል። ሌላ ግልባጭ የላቸውም፤ አሁን ኪቦርዱ አልሠራ ብሏል። "ላፕቶፑ ከቤቴ አይወጣም፤ አንተ ና" አሉ። አዲስ ኪቦርድ ከጅማ አስመጥቼ በሚኒባስ ሄድኩ።

ግቢ ስገባ ላፕቶፑ ቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ፣ ከቡናው ጎን፣ ክፍቱን ተሰጥቷል።

"እትዬ፣ ይሄንንም ገበያ ሊያወጡት ነው?" ብዬ ሳቅሁ።

እሳቸው አልሳቁም። ምን እንደፈሰሰበት ስጠይቃቸው "ውሃ" አሉና ወደ ቡናቸው ዞሩ።

ውሃ ከሆነማ ደርቋል ብዬ ቸኮልኩ። ብሎኖቹን ፈታሁ፣ አሮጌውን አነሳሁ፣ መቆለፊያዋን ቀና አድርጌ የአዲሱን ገመድ አስገባሁ። ከሥር የሚያብለጨልጭ ነገር አይቼ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጌ አለፍኩ። ስከፍተው ማንም ሳይነካው ስክሪኑ ላይ ፊደል በፊደል ላይ ይደረደር ጀመር። ቀጥሎ ሽታ መጣ፤ የሚቃጠል ማር ሽታ። ቻርጀሩን ነቅዬ ባትሪውን አወጣሁ። ፈራሁ፤ የስድስት ዓመት ድካማቸውን በአንድ ከሰዓት የፈጀሁት መሰለኝ።

"እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ።"

"ወንድሜ ከማንኪራ ያመጣው ማር ነው" አሉ ቀና ሳይሉ። "ልነግርህ ነበር። ስትስቅብኝ ተውኩት። ይሄን ሁሉ ዘመን አስተምሬ መሳቂያ ልሁን?"

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ማር እንደ ቡና አይደርቅም፤ ፀሐይ አቅጥናው ወደ ውስጥ ወርዷል። ደግነቱ እሳቸው እንደ ቡናው በየሰዓቱ ሲያገላብጡት ስለዋሉ ብዙው በገባበት በኪቦርዱ በኩል ተመልሶ ፈስሷል። የሳቅሁበት ነገር ነው ማዘርቦርዱን ያተረፈው። የቀረውን በአልኮልና በጥጥ አንድ በአንድ ጠርጌ፣ እስኪደርቅ ጠብቄ መልሼ ገጠምኩ።

በራ። ፊደሎቹ አደብ ገዙ። እትዬ አልማዝ ጽሑፋቸውን ከፍተው አንዱን ምሳሌ በካፊኖኖ ጮክ ብለው አነበቡ። "ይሄን የነገሩኝ ሽማግሌ ባለፈው ክረምት ነው የተቀበሩት" አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም አላስቻለኝም። ሁሉንም በሁለት ፍላሽ ገልብጬ ሰጠኋቸው።

ደንበኛን ያሳፈረ ጠጋኝ እውነቱን አያገኝም፤ እውነቱን ያላገኘ ዕቃውን ያቃጥላል። ጋሽ ታደሰ በመጀመሪያው ቀን ነግረውኝ ነበር።