ወንድሜ የማይሰግድበት ምክንያት

ታናሽ ወንድሜ ወደ ቴክሳስ ሊወስደኝ የመጣ ጊዜ ሻንጣዬ እኩሌታው ተሞልቶ ነበር። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ለንደን፣ ሃርልስደን ውስጥ ብቻዬን ነው የምኖረው። ልጆች አሉኝ፣ ግን ሥራና የራሳቸው ልጅ ይዟቸዋል። ወንድሜ በስልክ፣ «እትዬ፣ ከአውቶቡስ አውቶቡስ ስትዞሪ ዕድሜሽ ሊያልቅ ነው፤ ነይና አብረን እናርጅ» ይለኝ ነበር። መዞሬስ እውነት ነው። የአዛውንት ነፃ የአውቶቡስ ካርድ ከተሰጠኝ ጀምሮ አርችዌይ ድረስ ሄጄ፣ ሰው አይቼ፣ ምንም ሳልገዛ እመለሳለሁ። ቢሆንም የቀረኝ ወንድም እሱ ብቻ ነውና እሺ አልኩት።

የመጣው ለፋሲካ ነበር። የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄደን ሕዝቡ ሁሉ ሲሰግድ እሱ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ጎንበስ ይላል፣ ይመለሳል፤ ጉልበቱ ግን መሬት አይነካም። ጎንበስ ባለ ቁጥር ቀኝ እጁ ከነጠላው ስር ገብታ ወገቡን ትይዛለች። ልጅ ሳለ ከእኔ ቀድሞ የሚሰግድ ነበር። ወገቡን አሞታል ብዬ አዘንኩ።

ስንመለስ አውቶቡስ ላይ፣ «ቅባት እገዛልሃለሁ፣ ማታ አሽሃለሁ» አልኩት።

«ወገቤ ደህና ነው። ለምጄ ነው።»

«ምኑን ነው የለመድከው?»

ዞር ዞር ብሎ የሚያየው ሰው አለመኖሩን አረጋገጠና ሸሚዙን ትንሽ ገለጥ አደረገልኝ። ቀበቶው ላይ የሽጉጥ ቆዳ አፎት ተሰክቷል፣ ባዶ። ሽጉጡን ቴክሳስ ትቶት መጥቷል፤ አፎቱን ግን ካላደረገ ሱሪው የተጣመመ ይመስለዋል። ሽጉጥ ታጥቆ ሲሰግድ ጎኑን እየወጋው፣ አንድ ቀን እንዲያውም ምንጣፉ ላይ ወድቆበት ሕፃናት አይተው፣ ከዚያ ወዲህ መስገድ ትቷል።

እኔ የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ?»

«በፊት በሸሚዝ ስር ነበር የምንይዘው። ሕጉ ተለወጠና ፈቃድ ያለው ሰው በግልጽ መታጠቅ ይችላል ተባለ። ነዳጅ ማደያዬ ሰው ሽጉጡን ወገቡ ላይ አድርጎ ቡና ሊገዛ ይገባል። ታጥቃችሁ አትግቡ የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ለጠፍኩ፤ ታጣቂዎቹ ቀሩ። ጽሑፉን አነሳሁ፤ ልጅ የያዙ እናቶች ቀሩ። መጨረሻ ላይ እኔም ታጠቅኩ።»

«ነዳጅ ልትሸጥ ነው ወይስ ልትዘምት?»

ሳቀ። «አባታችንስ ምንሽሩን ተሸክሞ አልነበር ገበያ የሚወጣው?»

«አባታችን የቤተ ክርስቲያኑን አጥር በጠመንጃ አልፎ አያውቅም።» ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በእኛ ደብር ወንዶቹ መሣሪያቸውን ውጭ ወይራው ላይ አንጠልጥለው ነበር የሚገቡት። የአባቴን ምንሽር የምጠብቅ እኔ ነበርኩ። ልጅነቴን ሙሉ ቅዳሴ የሰማሁት ከአጥር ውጭ፣ ከጠመንጃ ሥር ቁጭ ብዬ ነው።

«እኛም ቤተ ክርስቲያን እንደዚያው ሽጉጥ ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ ነበረን» አለ። «ከዚያ ሌላ ከተማ፣ ሰው እየጸለየ ሳለ ተገደለ ተባለ። ምእመኑ ለሁለት ተከፈለ፤ ጽሑፉን አንሱት የሚል፣ ይኑር የሚል። ጽሑፉ ተነሳ። ይኑር ያሉት ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ፈቃድ ያለን አራታችን በየተራ ታጥቀን በሩ አጠገብ እንድንቆም ተደረገ።»

በማግስቱ ለበዓሉ ሽንኩርትና እንቁላል ልንገዛ ወጣን። አፎቱን አውልቅ ብዬው እሺ ብሎ ነበር፤ ረስቶታል። የሽንኩርቱን ከረጢት ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ሸሚዙ ተሰበሰበ። የሱቁ ጥበቃ አየ። ፈቀቅ ብሎ ስልክ ደወለ። እኛ ገና ተራ ስንጠብቅ ሁለት ፖሊሶች ገቡ፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ።

ወንድሜ እነሱን ሲያይ ማንም ሳያዘው ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው።

«ምን ሆነሃል? እጅህን አውርድ» አልኩት።

«እትዬ፣ ዝም በይ» አለ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «ቦርሳሽን እንዳትነኪ። እንዳትንቀሳቀሺ።»

ፖሊሷ ረጋ ብላ ሸሚዙን እንዲያነሳ ጠየቀችው። አላነሳም፤ እጁን ማውረድ ፈራ። እኔ ሄጄ ገለጥኩላት። ባዶ ቆዳ መሆኑን አየች፣ ዳሰሰች፣ ከየት እንደመጣ ጠየቀች። ቴክሳስ ስላት ከጓደኛዋ ጋር ተያዩ። እዚህ አገር ይህን አድርጎ መውጣት ሰው ያስደነግጣል፣ ቤት ያስቀምጠው አለችኝ። «ጌታዬ፣ እጅዎን ማውረድ ይችላሉ» አለችው። ሁለት ጊዜ ደገመችለት።

እንቁላሉን ሳንገዛ ወጣን። መንገድ ላይ፣ «ሽጉጥ አልያዘችም» አለ። «ቀበቶዋን ደጋግሜ አየሁት። ሽጉጥ ያለው ሰው አለ ተብላ፣ ምን ይዛ ነው የመጣችው?»

«እዚህ ተራ ፖሊስ ሽጉጥ አይታጠቅም» አልኩት። እኔን ያስደነገጠኝ የፖሊሶቹ መምጣት አልነበረም። ወንድሜ እጁን የሰቀለበት ፍጥነት ነው፤ ስንት ጊዜ በልቡ ቢለማመደው ነው እላለሁ።

ቤት ገብተን ሻይ አፈላሁለትና፣ «እኔ ስመጣ ሽጉጡን ትተወዋለህ?» አልኩት።

«ቤት ውስጥ እተወዋለሁ። መኪናም ውስጥ።»

«ማደያውስ?»

«ማደያውን አልችልም፣ እትዬ።»

«ቤተ ክርስቲያንስ?»

ብርጭቆውን አሽከረከረ። ተነሥቼ ከሻንጣዬ ልብሴን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመርኩ። ቆሞ አየኝ፤ ከዚያ መጥቶ ቀሚሶቼን በማጠፉ ረዳኝ። ከዚያ በላይ ስለ መሄዴ አልተነጋገርንም።

አሁንም በየስቅለቱ ይደውላል። «ሰገድክ?» እለዋለሁ። ይስቃል፣ ወሬ ይለውጣል። አምና ግን፣ «ሰገድኩ፣ መኪና ውስጥ ትቼው ገባሁ» አለኝ። ደስ አለኝና ስንት ጊዜ ብዬ ጠየቅኩት።

«ሦስት ጊዜ። ከዚያ መስታወት ሰብረው ቢወስዱትስ ብዬ ልቤ አላርፍ አለ። ወጥቼ መኪናው ውስጥ ቁጭ አልኩ።»

«እስከ መቼ?»

«ሕዝቡ እስኪወጣ። በድምፅ ማጉያው ይሰማል እኮ፣ እትዬ። እንደ ድሮው እንዳንቺ።»