መጋዘን የገባው የአባ ወልዱ ንብ

የጎረቤቴ የአባ ወልዱ ንብ ዛሬ በቁጥጥር ሥር ውሏል። እየቀለድኩ አይደለም።

ድሮ የተያዘ የኮንትሮባንድ ሲጋራ በጨረታ ይሸጥ ነበር። አሁን ደንቡ ተቀይሮ ይቃጠል ተባለ። እሰየው፤ ተያዘ የተባለውን ሲጋራ መልሶ ሱቅ ውስጥ ማየት ሰልችቶን ነበር።

ጠዋት ከሰቆጣ ዳር፣ የተያዘ ዕቃ ከሚቀመጥበት መጋዘን ጀርባ አቃጠሉት። ደንቡ ስለ ነፋስ የሚለው የለም መሰለኝ፤ ጭሱ በሙሉ አባ ወልዱ ጓሮ ገባ።

(በነፃ ለመሳብ ጭሱ በሚሄድበት በኩል የቆሙትን ሰዎች ስም አልጠራም።)

ንቡ ቀፎውን ጥሎ ወጣ። አባ ወልዱ እንዲያርፍላቸው አፈር እየበተኑ ተከተሉት። የት ቢሰፍር ጥሩ ነው? በመስኮቱ ቀዳዳ ገብቶ፣ ባዶው መጋዘን ውስጥ!

«ልጄ፣ ክፈትልኝና ሳይመሽ ልሰብስበው» አሉት ኃላፊውን።

«አባቴ፣ መጋዘን የገባ ንብረት ያለ ኮሚቴ አይወጣም።»

«በእኛ አገር ንቡን ተከትሎ የደረሰ ባለቤቱ ነው!»

«እሱ ባህል ነው። እርስዎ የባለቤትነት ማስረጃ ያምጡ።»

«እጅህን ስደድና ንቡን ጠይቀው፤ ማስረጃውን እሱ ይሰጥሃል።»

ሕዝቡ ሳቀ። በሩ ግን አልተከፈተም።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሰኞ ነው። ንቡ ስብሰባ አያውቅም፤ ነገ ፀሐይ ሲሞቅ ተነስቶ ይሄዳል። ያላቸው ደግሞ ይኸው አንድ ቀፎ ነው፤ ከሄደ የዘንድሮ ማርም አብሮ ሄደ።

አባ ወልዱ ባዶ ቀፏቸውን ታቅፈው አሁንም በሩ ላይ ተቀምጠዋል። እኔም አጠገባቸው ነኝ።

እናንተስ፣ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ በሮ የሄደባችሁ ነገር አለ? ጻፉልኝ፤ እያነበብኩላቸው እናምሽ።