ዐሥራ ሁለተኛዋ ተማሪ

ተሻለች ጥሩነህ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምራለች። ቶሮንቶ ከመጣች ወዲህ ሥራዋ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነው። አሠሪዎቿ ስሟ ለአፍ ከበደን ብለው ባጇ ላይ «ቴሪ» ብለው ጻፉላት፤ እሷም አልተከራከረችም። መከራከር ነበረባት።

ፓርክዴል በሚባል ሰፈር የምትንከባከባቸው ሚስ ሞራግ የዘጠና አንድ ዓመት አሮጊት ናቸው። በወጣትነታቸው በምሥራቅ ካናዳ በኬፕ ብሬተን ደሴት ገጠር፣ ሰዉ ጌሊክ የሚባለውን የስኮትላንድ ቋንቋ በሚናገርበት መንደር፣ ዐሥራ አንድ ተማሪዎች ብቻ በነበሩት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ዘመናት አልፈዋል። እርጅና እንግሊዝኛቸውን ወስዶ ጌሊኩን ብቻ ተወላቸው።

ሁልጊዜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቀና ብለው ይቀመጡና ዐሥራ አንድ ስም ይጠራሉ። ከእያንዳንዱ ስም በኋላ አንድ ልጅ «አቤት» ለማለት የሚበቃውን ያህል ዝም ይላሉ፤ በጣታቸውም ብርድ ልብሱ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ተሻለች ቋንቋውን ባታውቅም የስም ጥሪ መሆኑን ዐወቀች። ልጆቹ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ፎቶግራፍ ውስጥ አሉ፤ የሚስ ሞራግ የእህት ልጅ እንደ ነገረቻት፣ ዛሬ አንዳቸውም በሕይወት የሉም። ጥሪው ሲያልቅ አሮጊቷ ገንፏቸውን ይበላሉ፤ ሳያልቅ ግን ማንኪያ አይነኩም።

ማክሰኞ ዕለት ዐሥራ ሁለተኛ ስም ተጨመረ።

«ተሻለች ጥሩነህ።»

የወጣው ከአሮጊቷ አፍ ነው፤ ድምፁ ግን ሻካራው ድምፃቸው አልነበረም፤ ጥርት ያለ የወጣት መምህርት ድምፅ ነበር። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ሙሉ ስሟን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እናቷ በልጅነቷ «በማታውቂው ድምፅ ስትጠሪ፣ ሦስት ጊዜ ካልሆነ አቤት አትበይ፤ ሰው ያልሆነ ነገር ሦስት ጊዜ አይጠራም» ብለው አስተምረዋታል። ድምፁ የጠራት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዝም አለች። ሚስ ሞራግም ጠበቁ፤ ገንፎው ቀዘቀዘ፤ ቀኑን ሙሉም ምንም አልቀመሱም።

ረቡዕም እንዲሁ ሆነ። በየጊዜው የምትጎበኛቸው ነርስ መጥታ ደረታቸውን አዳመጠችና «ነገም ካልበሉ ከቤታቸው ወጥተው ሆስፒታል ይገባሉ» አለች።

ተሻለች ከሥራ ስትመለስ ለልጇ ለሩሃማ ነገረቻት።

«ማሚ፣ ሲምፕል ነው እኮ! ‹ሂር› በያትና ትብላ።»

«‹በያት› አይባልም። አንቱ የሚባሉ ሰው ናቸው።»

«ኦኬ፣ በያቸው። ግን የሞቱ ሰዎች ሊስት ላይ ሳይን አፕ ማድረግ… ዊርድ ነው።»

«እናቴ ሦስት ጊዜ ካልተጠራሽ አቤት አትበይ ብለውኛል፤ ይህ ግን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጠራኝ።»

«ትናንት አንድ፣ ዛሬ ሁለት። ነገ ሦስት ይሞላልሻል!» ብላ ሩሃማ ሳቀች። ተሻለች አልሳቀችም።

ሐሙስ ጠዋት ዐሥራ አንዱ ተጠርተው ስሟ ተከተለ። የአሮጊቷ የእጅ አንጓ እንደ እርሳስ ቀጥኖ ነበር። ተሻለች እንደ ተማሪ ብድግ ብላ ቆመች።

«አቤት።»

ሚስ ሞራግ ምልክት አደረጉ፤ ማንኪያውንም ራሳቸው አነሡ። ሳህኑ ባዶ ሆነ። ነርሷም በቤታቸው እንዲቆዩ ፈቀደች።

ሰውን ከረኃብ ያዳነ መልስ ስሕተት ሊባል አይገባውም። ይሁን እንጂ እሑድ፣ በዕረፍቷ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ተሻለች ከፓርክዴል ርቆ ክሬሰንት ታውን ውስጥ ባለው ቤቷ፣ ከማዕድ ቤቱ ወንበር ተነሥታ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አቤት።»

«ማሚ፣ ማን ጠራሽ?» አለች ሩሃማ።

ተሻለች ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ዐሥራ ሦስተኛው ስም ሊጠራ ነበር።