ቆርቆሮ የለቀምንበት ሜዳ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከቢቸና ሞጣ ያለውን መንገድ በስልኩ አሳየኝ። “ቅርብ እኮ ነው አባባ፣ ለምሳ ትደርሳለህ” አለኝ። እኔ በዚያ መንገድ የሄድሁበት ቀን እንዲህ ቅርብ አልነበረም።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ወሩ መጋቢት። ከናዝሬት ተመድቤ የመጣሁ ጀማሪ አስተማሪ ነበርሁ። ሞጣ አጠገብ ለሚሠራ ትምህርት ቤት ቆርቆሮ ከቢቸና ተረክቤ ጤፍ በጫነ መኪና ተሳፈርሁ። ሾፌሩ ጋሽ ደምሴ “ከጤፉ ሥር ይግባ፤ የሜዳውን ነፋስ አታውቀውም” ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ጆንያው እንዳያጣምምብኝ ብዬ ከላይ አሰርሁት። ፈርሜ የተረከብሁት የመጀመሪያ ንብረት ነበርና ልቤ አብጦ ነበር።

ጋቢና ውስጥ በመካከላችን እትዬ የሺ የሚባሉ እናት ተቀምጠዋል። ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተይዞ ሞጣ ነው፤ የተያዙትን ልጆች ከሰዓት በኋላ ወደ ማሠልጠኛ እንደሚወስዷቸው ሰምተዋል። ጉልበታቸው ላይ ያለው የበሶ ቋጠሮ ጋቢናውን በተቆላ ገብስ ሽታ ሞልቶታል።

“ዓይኑን ካየሁት ይበቃኛል” አሉ።

ደብረ ወርቅን አልፈን ሜዳው ላይ ስንወጣ ነፋሱ መኪናውን ወደ ጎን ይገፋው ጀመር። መንገዱ በአቧራ ተጋረደ፤ መስኮቱን ዘግተን እንኳ አፈሩ ጥርሳችን ላይ ይንቀጫቀጫል። ወዲያው ከላያችን አንድ ነገር ተንኳኳ። ገመዱ ተበጥሶ ቆርቆሮዬ በየእርሻው ላይ ይበር ነበር።

“አቁም” አልሁ።

ጋሽ ደምሴ እትዬ የሺን አየት አደረጋቸውና “እኒህን አድርሰን እንመለስ” አለኝ።

“የመንግሥት ንብረት ነው። አሻጥር ነው ቢሉኝ አንተ ትታሰርልኛለህ?”

በዚያ ዘመን ይህ ቀልድ አልነበረም፤ ከልቤ ፈርቼ ነበር። መኪናው ቆመ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቀድመው የወረዱት እትዬ የሺ ናቸው። አንዱን ቆርቆሮ ሩቅ ድረስ አባረው፣ በእግራቸው ረግጠው “ና ልጄ፣ ይኸው” ብለው ጠሩኝ። አልተቆጡኝም፤ ቶሎ እንድንጨርስ ብቻ ይሮጣሉ። ሁለት ሲቀሩ ጋሽ ደምሴ “ይብቃ” አለ። እኔ እምቢ ብዬ ብዙ ፈለግሁ፤ አላገኘኋቸውም።

ሞጣ ስንደርስ ልጆቹ የነበሩበት ግቢ ባዶ ነበር። ዘበኛው “ገና አሁን ወጡ፤ ወደ ባሕር ዳር” አለን። እትዬ የሺ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። አጠገባቸው ቆምሁ። ቋጠሮውን እጄ ላይ አኖሩት።

“እንካ ብላው፤ አንተም የእናት ልጅ ነህ። እናትህ አትጣህ።”

ስለ ጎደሉት ሁለት ቆርቆሮዎች እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም። እናቴም እስክታርፍ ድረስ በየፋሲካው ደጃፏ ላይ ቆማ ተቀብላኛለች፤ ስታቅፈኝ ሁልጊዜ እትዬ የሺ ትዝ ይሉኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ዓመት በዚያ አገር ሳስተምር ቢቸና ያለውን ቤታቸውን አውቀው ነበር። ደጃፉን አልፌ እሄዳለሁ እንጂ፣ ልጅዎ ተመለሰ ወይ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።