የሚስቴን ናሙና አረቄ ያጠጣሁ ጊዜ

እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሰው የለም። በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ታጥፎ የሚገኘውን ወረቀት እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ። ስለዚህ የባለቤቴ ጡት ላይ እጢ ሲገኝ፣ ከዓለም ገና እስከ ተፍኪ ስለ ካንሰር ከእኔ የሚበልጥ አዋቂ እንደሌለ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳወቅሁ።

ሐኪሙ በመርፌ ቁራጭ ሥጋ ወስዶ ሥጋውን ከመበስበስ የሚጠብቅ ፎርማሊን ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ከተተና ሰጠኝ። አዲስ አበባ ላብራቶሪ የሚያደርሰው እንደተለመደው ቤተሰብ ነው። እጢው የሴት ሆርሞን የሚቀበልበት በር ካለው፣ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን በሩን ይዘጋዋል፤ ከሌለው ሌላ መድኃኒት ይፈለጋል። ይህ ሳይታወቅ ሕክምናዋ አይጀመርም።

በማግስቱ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ መንገዱን በድንጋይ ዘግቶት ጠበቀኝ። መንገዱን ከዘጉት ወጣቶች አንዱ አስቁሞ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ።

«አከም ጂርቱ፣ ኦቦ? ምን ይዘዋል?»

ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ስለ በሩ አስረዳሁት። በሽታን የሚዋጉት የሰውነታችን ወታደሮች እጢው ውስጥ ገብተው እንደሆነም በማይክሮስኮፕ እንደሚታይ ጨመርኩለት።

«ኦቦ፣ እኛ መንገድ ዘጋን እንጂ ትምህርት ቤት አልከፈትንም» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁብኝ። «ሚስቴ ታማለች» የምትለዋን አጭር ነገር ረስቼ ተመለስኩ።

ቤት ስደርስ የጠርሙሱ ክዳን ላልቶ ፎርማሊኑ ግማሹ ኮቴ ላይ ፈስሷል። ደውሎ መጠየቅ ላላዋቂ ነው ብዬ በአረቄ ሞላሁት።

መንገዱ በሦስተኛው ቀን ተከፈተ። የላብራቶሪዋ ባለሙያ ጠርሙሱን ከፍታ ፊቷን አዞረች።

«አባባ፣ ምን ጨመሩበት?»

«አረቄ። ያውም ሁለቴ የወጣ፣ ዳግም አረቄ።»

«ካንሰሩ ይታያል፤ የሆርሞኑን ምርመራ ግን ማመን አንችልም። ሌላ ናሙና ያስፈልጋል።»

ለባለቤቴ እስክናገር ድረስ ግቢውን ሁለት ጊዜ ጠረግሁት።

«አንተ ሰው፣ ሥጋዬን አረቄ አጠጣኸው?» ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ጠፋ። «እንደገና ልወጋልህ ነዋ!»

ተወጋች። ጠርሙሱን ራሷ ይዛ ሄደች፤ እኔ ጃንጥላዋን ያዝኩላት።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ በሩ እንዳለና ክኒኑ እንደሚሠራላት ነገረን። ሳላቅማማ ላብራራላት አፌን ከፈትኩ። እንባዋን እየጠረገች በሌላ እጇ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቀውን ሳልናገር ዝም አልኩ።