ከግድግዳው ወዲህ የሰማኋቸው የጋሽ ኑሩ ፊልሞች

ጋሽ ኑሩ ዐረፉ። ያልሰማችሁ ስሙ። የፋሲሎ ሰፈሩ፣ የቪዲዮ ቤቱ ጋሽ ኑሩ፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ ዓባይ ማዶ ልጃቸው ቤት ዐርፈው፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ተቀበሩ። ብዙ አልተሰቃዩም። ጧት ሻያቸውን ጠጥተው፣ ስኳሩ አነሰ ብለው ልጃቸውን ተቆጥተው፣ መልሰው መርቀዋት፣ ጋደም እንዳሉ ነው የሄዱት። እንዲህ ያለውን አሟሟት ለሁላችንም ይስጠን።

ይኸን የምለው በእሳቸው ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግታችሁ ፊልም ላያችሁት ሁሉ ነው። ዛሬ አንዳንዳችሁ ሸብታችኋል፤ አንዳንዳችሁ አገር ለቃችሁ ሌላ ከተማ ገብታችኋል። እኔን ታውቁኛላችሁ። በሩ ላይ ቆሎ እሸጥ የነበርሁት ጥሩወርቅ ነኝ። ፊደል አልቆጠርሁም። እኔ እናገራለሁ፣ የልጀ የአለልኝ ልጅ መቅደስ ትጽፋለች፣ እሷው በስልኳ ትልክላችኋለች። አታሳምሪው፣ እንዳልሁት ጻፊው ብያታለሁ።

ጋሽ ኑሩ የወረታ ሰው ናቸው። አባታቸው ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ልጀ ሱቁን ይረከበኛል ብለው ሲጠብቁ፣ ልጅየው ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ ጭነው ባሕር ዳር ገቡ። አባት ተቀየሙ። ስንት ጊዜ ሳይነጋገሩ ቆይተው፣ አንድ ቀን ሽማግሌው ሳይነግሩ መጥተው ከኋላ ተቀመጡና አንዱን ፊልም እስከ መጨረሻው አዩ። ሲወጡ እኔው በር ላይ ሰማሁ፤ «ልጀ፣ ጨርቅም ቢሆን ሰው የሚገዛው ሲያወሩለት ነው» ብለው መረቋቸው።

እውነትም ሙያቸው ማውራት ነበር። ፊልሙ በፈረንጅ አፍ ነው፤ ማን ይሰማዋል? ጋሽ ኑሩ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቁመው በአማርኛ ይናገሩታል። እንግሊዝኛውን ከየት ተማሩት ብየ ጠይቄያቸው አውቃለሁ። «ግማሹን ከካሴቱ፣ ግማሹን ከሰውየው ፊት» አሉኝ። በእሳቸው ቤት ዘመድ የሌለው ሰው አልነበረም። አክተሩ፣ ዋናው ሰውየ፣ ብቅ ሲል፣ ይኸ ልጅ ብቻዋን ያሳደገችው እናት አለችው፣ አደራ ዓይናችሁን ከእሱ እንዳትነቅሉ ይላሉ። የወንበዴዎቹን አለቃ እንኳ፣ ሲወለድ ክፉ አልነበረም፣ ርስት ከወንድሙ አጣልቶት ነው ይሉለታል። በጥይት ለሚወድቀው ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይነግሩ አያልፉም።

ደግነታቸውን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። የሌለው መጥቶ በሩ ላይ ሲሽኮረመም፣ እግርህ ከቻለ ቁመህ እይ ብለው ያስገቡታል። ገብቶ ሲቆም ደግሞ ጠጋ ጠጋ በሉለት ብለው መሀል ያስቀምጡታል። ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፃቸው አይሰማም፤ ዴኩን ያቆሙታል። ሲያባራ፣ ያልሰማ ይኖራል ብለው ከመጀመሪያው ያስጀምሩታል። አዛን ሲል ያቆማሉ። የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሰማም ያቆማሉ። ለምን ብትሏቸው፣ ለራሴ ብቻ ካቆምሁ ጉራ ይሆንብኛል ይሉ ነበር።

እኔ አንድ ቀን ገብቸ አላየሁም። ቤቱ የወንድ ነበር፤ ቆሎውም ጠባቂ ይፈልጋል። ጀርባየን ለጭቃው ግድግዳ ሰጥቸ እቀመጣለሁ፤ ድምፃቸው ግድግዳውን አልፎ ይመጣል። ያን ሁሉ ፊልም እንዲህ ነው ያየሁት፣ በጀርባየ።

አንድ ጊዜ፣ የፊልሙን ደህናነት በምን ያውቁታል ብየ ጠየቅኋቸው። እኔ የመሰለኝ በጭብጨባው ነበር።

«በአንቺ ቆሎ ነዋ» አሉኝ። «ሰው ለይሉኝታ ያጨበጭባል፣ ጓደኛው ስለሳቀ ይስቃል። ጥርሱ ግን አይዋሽም። ቆሎው ዝም ካለ ፊልሙ ይዞታል ማለት ነው።»

ከዚያ ወዲያ እኔም ማዳመጥ ለመድሁ። አንዳንዱ ፊልም እንደ ወፍጮ ቤት ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይፈጫል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ድንገት ጸጥ ይላል፤ የምሸጥለት ሰው ሁሉ የተነነ ይመስለኛል።

ከሁሉ የበለጠ ዝም የሚያሰኘው የሁለቱ ጓደኛሞች ፊልም ነበር። ታስታውሱታላችሁ። አክተሩና ጓደኛው በወንዝ ዳር ያለችን መንደር ከወንበዴ ይጠብቃሉ። ጓደኛውን ጋሽ ኑሩ ታደለ ብለው ስም አወጡለት፤ ቀልደኛ ነው፣ አክተሩን ሲያሾፍበት ይውላል። ሰዉ ስለሚወደው ያ ካሴት በየጊዜው ይመጣ ነበር።

መጀመሪያ የታየው በጦርነቱ ጊዜ ነው። ልጀ አለልኝ ዘምቷል። ወሬው ጠፍቷል፤ አየሁት የሚል የለ፣ ሰማሁ የሚል የለ። እኔ ቆሎየን ይዠ ግድግዳው ሥር ተቀምጫለሁ። ከውስጥ ተኩስ በተኩስ ሆነ፤ ታደለ ተመታ የሚል ጩኸት ሰማሁ። ቆሎ የምሰፍርበት ስኒ ከእጀ ወደቀ። ወዲያው የጋሽ ኑሩ ድምፅ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ጮክ ብሎ መጣ፦

«ታደለ ቆስሏል እንጂ አልሞተም። አክተሩ አዝሎት ወንዙን እየተሻገረ ነው። ይድናል!»

ሲያልቅም፣ አክተሩ ብርቱካን ገዝቶ ታደለን ሊጠይቀው እየሄደ ነው አሉ። እኔ ከዚያ የሚወጣውን ሁሉ ታደለ እንዴት ሆነ እያልሁ ያዝሁ። ደህና ነው እትየ፣ ተርፏል ይሉኛል። አንዱማ ሾርባ እየጠጣ ነው አለኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቸ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ በመጣ ቁጥር ያችን ቦታ እጠብቃለሁ። ታደለ አንድም ቀን አልሞተም።

አለልኝም መጣ። ትንሽ ያነክሳል፤ ግን በእግሩ መጣ። ጋሽ ኑሩ የዚያን ቀን በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ሰፈሩን ሁሉ በነጻ አሳዩ። ተመስገን ነው።

ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ እንግዲህ ቆየ። ዲሹ መጣ፣ ስልኩ መጣ፤ ዛሬ ቤቱ የሞባይል ዕቃ ይሸጥበታል። ጋሽ ኑሩም አርጅተው ዓባይ ማዶ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ጆሯቸው ከበደ። እኔ ድልድዩን በባጃጅ እየተሻገርሁ እጠይቃቸዋለሁ፤ ያለፈውን እያነሳን እንስቃለን።

አንድ ቀን መቅደስን ይዣት ሄድሁ። በጨዋታ መሀል፣ ከጓደኞቿ ጋር የድሮ ድብድብ ፊልም እያወረዱ ሲስቁበት እንደሚያመሹ ነገረቻቸው። የሰማንያዎቹ ፊልም ይሉታል፣ በፈረንጆቹ ቁጥር። ክፋት አስባ አይደለም፤ እንዲያውም የሚስቁት ስለሚወዱት ነው። ጋሽ ኑሩም አብረው ሳቁ። ሳቃቸው ግን አጠረችብኝ። ሲሸኙኝ በር ላይ እጀን ያዙኝ።

«እታለም፣ እኔ ዕድሜየን የጨረስሁት በመሳቂያ ነው እንዴ? ሳልሞት ልወቀው። ልጆቹን ሰብስቢና ያን የሁለቱን ጓደኛሞች አሳዪያቸው። ጆሮየ ከድቶኛል፤ ቆሎውን አንቺ ስሚልኝ። ታዲያ እንዳታባብይኝ።»

እሺ አልኋቸው። እሺ ማለት ቀላል ነው።

እሁድ ከሰዓት በእኔ ቤት ተሰበሰቡ። መቅደስ ፊልሙን ፈልጋ አግኝታ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው። ልጆቹ መሬቱን ሞሉት፤ ቆሎውን በሰፌድ አቀረብሁላቸው። ጋሽ ኑሩ ኮፍያቸውን አድርገው፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። አንድ ቃል እንዳይተነፍሱ ለራሳቸው ምለዋል። እኔ ካወራሁማ ልጆቹ የሰሙት እኔን እንጂ ፊልሙን አይደለም አሉ።

እኔም በዕድሜየ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አየሁት። በልቤ የያዝሁት አክተር ጠይም፣ ቀጭን፣ አለልኝን የሚመስል ልጅ ነበር። ለካ ጡንቻው እንደ ድፎ ዳቦ የተነፋ ፈረንጅ ኖሯል። ሸሚዝ እንኳ የለው። ይኸ ልጅ ልብስ የሚሰጠው አጣ እንዴ ብል ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

እውነቱን እንናገር ካልን ብዙው አልፎበታል። ቡጢው ሳይደርሰው ሰውየው ይወድቃል። አክተሩ ላይ መንደር ሙሉ ሰው ይተኩስበታል፣ አንዱም አያገኘው፤ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ቢተኩስ ሦስት ይጥላል። ጥይቱ አያልቅበት። መኪናዋ ገና ሳትነካ ትነድዳለች። ደሙም የአጥር ቀለም ነው። ልጆቹ አንዱ የአንዱን ጀርባ እየመታ ይስቃል፤ ቆሎው ይፈጫል። ጋሽ ኑሩ ሳቁን አይሰሙም፣ ጥርሱን ግን ያያሉ። አንዴ ልጆቹን፣ አንዴ እኔን ይመለከታሉ። ይኸን ሰውየ ምን ብየ ልነግራቸው ነው? ብዋሽ ያውቁብኛል፤ እውነቱን ብናገር እሱን ይዘው መቃብር ሊገቡ ነው።

ከዚያ ታደለ ተመታ።

አክተሩ ጠመንጃውን ጣለና አዘለው። ወንዙ ውስጥ ገባ። ውኃው ደረቱ ደረሰ። አይናገርም፣ አይፎክርም፤ የታደለ እጅ ብቻ ከትከሻው ላይ ወርዳ ውኃውን ትነካለች። ያን ጊዜ ቆሎው ዝም አለ። ጆሮየን ቀና አደረግሁ። ዝም። አንዱ ረጅም ልጅ ጭብጡን አፉ አጠገብ አድርሶ እዚያው ቀርቷል። መቅደስ ጉልበቷን አቅፋለች። ጋሽ ኑሩ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ፊልሙ ብቻውን ነው።

ማዶ ሲደርስ አስተኛውና የታደለን ጃኬት አውልቆ ከነፊቱ አለበሰው። ከዚያ ተነስቶ ወንበዴዎቹን ሊጨርስ ሄደ፤ ልጆቹም ወደ ሳቃቸው ተመለሱ። እኔ ታደለ ሲነሳ እጠብቃለሁ። መንደሩ ዳነ፣ አለቅየው ሞተ፣ ታደለ የለም። በመጨረሻ አክተሩ ከረጢት በትከሻው አንግቶ ብቻውን በመንገዱ ሄደ። ይኸዋ ብርቱካኑ ብየ አተኩሬ አየሁ። የጠመንጃ አፈሙዝ ብቅ ብሏል። አለቀ።

ጋሽ ኑሩ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። ቆሎውስ አሉኝ።

ወደ ጆሯቸው ተጠግቸ እንዳየሁት ነገርኋቸው። ተኩሱ ላይ ይፈጫል፣ ቡጢው ላይ ይፈጫል፣ መኪናዋ ላይማ ወፍጮ ቤት ነው አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንዙን ሲሻገር ግን ዝም አለ አልኋቸው።

«ሁሉም?»

«ሁሉም። አንዲት ፍሬ አልተሰበረችም። እርስዎም አፍዎን አልከፈቱ።»

ከዚያ ኮፍያቸውን አስተካክለው ሰፌዱን ወደ እሳቸው ሳቡ።

«በቃ። አንድ ቦታ ከያዘ ይዟል። የትኛው ሰውስ ሁለመናው ይይዛል?» አሉና ከቆሎው ዘገኑ። ጥርስ እንኳ የላቸውም፤ ዝም ብለው አላመጡት።

እኔ ግን የራሴ ጥያቄ ነበረኝ። ታደለ ሞቷል እኮ አልኋቸው። ያኔ ቆስሎ ተርፎ ነበር፤ ሾርባ ሲጠጣ ያየው ሰው አለ።

ጋሽ ኑሩ መሬት መሬት አዩ። «እታለም፣ አንቺ ከግድግዳው ወዲህ ነበርሽ፤ ልጅሽ ጦር ሜዳ። ወላሂ፣ በእኔ ቤት እንዴት ብሎ ይሙት?»

ከዚያ የሆነውን ቀስ ብለው አወሩልኝ። መጀመሪያ ቀን አክተሩ ጃኬቱን ሲያለብሰው አንድ ጎረምሳ፣ ኧረ ጋሽ ኑሩ ፊቱን ሸፈነው እኮ ብሏቸው ነበር። ብርድ እንዳይመታው ነው አሉት፤ በአውራ ጣታቸውም እኔ የተደገፍሁትን ግድግዳ አሳዩት። ቤቱ በሙሉ ገባው። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ በመጣ ቁጥር ሁሉም እያወቀ ዝም አለ።

እንግዲህ እናንተ ናችሁ። ዓይናችሁ እያየ የሞተውን ሰው፣ ስትወጡ ተርፏል ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ይኸን ሁሉ ዘመን ከአንዳችሁም አፍ አላመለጠም። እግዜር ይስጥልኝ። ሾርባውን ያመጣኸው ልጅ ደግሞ ማን እንደሆንህ ባወቅሁ፣ እመርቅህ ነበር።

የእኛ ልጆች ይኸን ሲሰሙ ፊልሙ እንደገና በጋሽ ኑሩ አፍ ይሁንልን አሉ። ድምፃቸው ቀጥኗል፤ ቢሆንም የወንበዴውን ርስት አልዘነጉም። አለልኝ ከሥራ መጥቶ በር ተደግፎ ቁሞ ያይ ነበር። ታደለ ሲወድቅ ጋሽ ኑሩ ትንፋሽ አጠራቸው። መቅደስ ቀድማ፣ ቆስሏል እንጂ አልሞተም አለች። ሁሉም ወደ አለልኝ አዩ። ጋሽ ኑሩ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ይስቃሉ። ደስ ያለው እሁድ ነበር።

ጋሽ ኑሩ፣ የሰፈሬ ሰው፣ ደህና ይሂዱ። ልጆቹ ፊልምዎን እያዩ ነው፤ በሚሳቅበት ይስቃሉ፣ ወንዙ ጋ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። እኔ ምስክር ነኝ። ለሞቱት ሁሉ እናት ሲፈልጉላቸው እንደኖሩ፣ እርስዎም የሚቀበልዎ ዘመድ አይጡ። ሐሙስ ዕለት ነጭ ከፈን ለብሰው፣ ከነፊትዎ ተሸፍነው ከልጅዎ ቤት ሲወጡ እኔ ከሴቶቹ ጋር ግድግዳውን ተደግፌ ቁሜ ነበር። መቅደስ ፊታቸውን ሸፈኗቸው እኮ ብላ እንባዋ ወረደ። እኔም እጇን ይዠ፣ ብርድ እንዳይመታቸው ነው አልኋት።